የአያቴ ራዲዮ

ለዘንድሮው መጽሔታችን ምን ልጻፍ ብዬ ሳስብ፥ ስለ ክረምት ጨዋታ ወይም ስለ ፈተና ጭንቀት ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ከኅሊናዬ ያልወጣ አንድ ጥፋት ስላለብኝ፥ እርሱንና ከእርሱ የተማርሁትን ላጫውታችሁ ወደድሁ።

አያቴ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ጋዜጣ ማንበብ ትተዋል። ከዓለም ጋር የምታገናኛቸው በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ አንዲት አሮጌ ራዲዮ ብቻ ነበረች። ማታ ማታ ጋቢያቸውን ተከናንበው፥ ራዲዮዋን ወደ ጆሮአቸው አስጠግተው ወሬ ይሰማሉ፤ በማግሥቱም የሰሙትን ለጎረቤት ያካፍላሉ። በገና ዕረፍት ግን እኔ «ውስጧ ምን ይኖር ይሆን?» ብዬ፥ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ሰዓት ከፈትኋት። መልሼ ስገጥማት ሽሽ ከሚል ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር ጠፋ። አያቴ ሲመለሱ እውነቱን ነገርኋቸው። አልተቆጡኝም። «እንግዲህ የዛሬውን ወሬ አንተ ንገረኛ» አሉኝ እንጂ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ጉድ ለፊዚክስ መምህራችን ባወራቸው፥ ከመሳቢያቸው አውራ ጣት የምታህል መሣሪያ ከነአንቴናዋ አውጥተው ለአንድ ሳምንት አዋሱኝ። «ይህች ከኮምፒዩተር ጋር ስትገናኝ ራዲዮ ትሆናለች። መስማት እንጂ ማስተላለፍ አትችልም። አንተም ለሕዝብ የተላለፈውን ስማባት፥ የሰው ምስጢር አትፈልግባት» ብለው አስጠነቀቁኝ።

መሣሪያዋ በመጀመሪያ የተሠራችው በኮምፒዩተር ላይ ቴሌቪዥን ለማየት ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ግን በውስጧ ያለው አርቲኤል 2832ዩ የሚባለው ቺፕ የተቀበለውን ሞገድ እንዳለ በቁጥር ለኮምፒዩተር ማቀበል እንደሚችል በሰፊው ታወቀ። በተራ ራዲዮ ውስጥ ጣቢያን ከጣቢያ የሚለዩት የሽቦ ጥቅልሎችና ሌሎች ዕቃዎች ናቸው። እዚህ ግን መሣሪያዋ ሞገዱን በሴኮንድ 2.4 ሚሊዮን ጊዜ ያህል እየለካች ቁጥር ታደርገዋለች፤ ከዚያ በኋላ ጣቢያውን መለየትና ወደ ድምፅ መመለስ የኮምፒዩተሩ ሒሳብ ነው። እንግዲህ ራዲዮው ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ሒሳብ ሆነ ማለት ነው።

እኔም የወንድሜን ላፕቶፕ ለምኜ መሣሪያዋን በዩኤስቢው ሰካኋት። ዊንዶውስ ግን እንደ ቴሌቪዥን መቀበያ ቆጠራትና የቴሌቪዥን ድራይቨር ጫነላት። ይህን ለመለወጥ ዛዲግ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ የዕቃዎችን ዝርዝር ያሳያል፤ ከዝርዝሩ «ባልክ-ኢን፣ ኢንተርፌስ 0» የሚለውን መርጦ ዊን ዩኤስቢ የተባለውን ድራይቨር መጫን ነው። ሥራው ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ፥ እኔ ስቸኩል ስሙን ሳላነብ ከዝርዝሩ ሌላውን መረጥሁ። ወዲያው የወንድሜ ማውስ ድርቅ አለ። ወንድሜ በማግሥቱ የሚያስረክበው ሥራ ነበረበትና፥ «አንተ ልጅ፥ የአባባን ራዲዮ ጨርሰህ አሁን ወደ እኔ መጣህ?» ብሎ ጮኸብኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው በእኔ ደረሰ። በቁልፍ ሰሌዳው ብቻ እየተንቀሳቀስሁ፥ ከዕቃዎች መቆጣጠሪያው ውስጥ በስሕተት የጫንሁትን ድራይቨር ከሰረዝሁ በኋላ ማውሱን ነቅዬ መልሼ ብሰካው ሠራ። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ቃል ሁለት ሁለት ጊዜ እያነበብሁ ትክክለኛውን መረጥሁ።

ፕሮግራሙን ከፍቼ የሸገርን 102.1 ሜጋኸርዝ ጻፍሁ። የሰማሁት ምን ይመስላችኋል? ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ! በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይም አንድ ወጥ ሆኖ የተኛ መስመር እንጂ ሌላ አይታይም። ተስፋ ልቆርጥ ስል፥ እንደ ብሎን እየተጠመዘዘ የሚገባው የአንቴናው ገመድ ጫፍ በደንብ አለመጥበቁን አየሁ። ባጠብቀው ከተኛው መስመር መካከል እንደ ተራራ ከፍ ያለ ነገር ብቅ አለ፤ ከስሩም ቀለሙ እንደ ፏፏቴ ይወርድ ጀመር፤ የሰው ድምፅም ጥርት ብሎ ተሰማ። በደስታ ዘለልሁ።

ቀጥዬ አንቴናውን ለካሁ። ብርሃንና የራዲዮ ሞገድ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ፤ ይህ ለ102.1 ሚሊዮን ሲካፈል የአንዱ ሞገድ ርዝመት 2.94 ሜትር ግድም ይሆናል። ሩቡ 73 ሳንቲ ሜትር ነውና፥ የሚሳበውን ዘንግ በዚያ ልክ ሳብሁት። መሣሪያዋንም በዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ከላፕቶፑ አራቅኋት፤ ኮምፒዩተር ራሱ የሚረብሽ ሞገድ ይረጫልና። መካከሉን 97.6 ላይ ሳደርገው ደግሞ 97.1ና 98.1 ጣቢያዎች ሁለት ተራሮች ሆነው ጎን ለጎን ታዩኝ።

ማታ አያቴን ወንበር አቅርቤ አስቀመጥኋቸውና ወሬውን አሰማኋቸው። ፈገግ ብለው ሰሙና፥ «የውጭ አገሩንስ ታመጣዋለች?» አሉኝ። የውጭ አገሩ የሚመጣው በአጭር ሞገድ ነው፤ ይህች መሣሪያ ደግሞ እንዲሁ እንዳለች የምትቀበለው ከ24 እስከ 1,766 ሜጋኸርዝ ግድም ያለውን ስለሆነ፥ የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች አብዛኞቹ ከእርሷ በታች ይቀራሉ። አልችልም አልኋቸው። በዚያው ምሽት መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፑ ባትሪም ብዙ ሳይቆይ አለቀ። «ልጄ፥ ሥራህ ግሩም ነው። ግን ይህ ወዳጅህ በጨለማ አብሮኝ አያመሽም» አሉኝ።

ነገሩ ከነከነኝና እንቅልፍ አጣሁ። ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የአንቴናው ገመድ በላላ ጊዜ ከኮምፒዩተሩ የሰማሁት ድምፅና የአያቴ ራዲዮ ድምፅ አንድ ዓይነት አልነበረምን? ራዲዮዋ ሽሽ ካለች ድምፅ ማጉያዋ ደኅና ነው፤ የጎደላት ሞገዱ ነው ማለት ነው። ሲነጋ ራዲዮዋን በዝግታ ከፈትሁ። ከአንቴናው ዘንግ የሚነሣው ቀጭን ሽቦ ከሥሩ ተበጥሷል! ያን ቀን ክዳኗን በኃይል ስስብ የበጠስሁት እኔው ነበርሁ። ሰኞ ወደ ተማሪ ቤት ይዣት ሄድሁ፤ መምህራችን በየዱልኝ፤ መሣሪያቸውንም በጊዜዋ መለስሁላቸው።

የዚያን ዕለት ማታ አያቴ እንደ ጥንቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ራዲዮዋን ወደ ጆሮአቸው አስጠጉ። ጥቂት ከሰሙ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፥ «ና ተቀመጥ፤ ዛሬ ደግሞ ወሬውን እኔ ልንገርህ» አሉኝ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ዕቃ መክፈት ክፉ አይደለም፤ ሳይከፍቱም ብዙ አይማሩም። የሌላውን ሰው ዕቃ ግን ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትክፈቱ፤ ከከፈታችሁም ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፥ ካበላሻችሁም እውነቱን ተናግራችሁ እስክትጠግኑት ድረስ አትረፉ እላለሁ።