ከገመዱ ጫፍ ያለው ሰው



በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ማስተማሪያ ዘዴ፣ ስለ ጤና አጠባበቅ፣ ስለ ስፖርትም ብዙ ይጻፋል። «ደግሞ ጀልባና መምህርነት ምን አገናኛቸው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ብቻ እስከ መጨረሻው እንዲያነብልኝ አደራ እላለሁ። ጉዳዩ ያገለገለ ጀልባ መርጦ ስለ መግዛትና በእርሱም ቤተሰብን የውሃ ላይ ስኪ ስለ ማጫወት ነው።

እኔ በዚህ ተቋም ሠልጥኜ ለጥቂት ዓመታት ካስተማርሁ በኋላ ኑሮዬን በአሜሪካን አገር፣ ሚኒሶታ በሚባለው ክፍለ ግዛት ያደረግሁ ሰው ነኝ። ሚኒሶታ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት አገር ነው። ስፋታቸው ከ10 ኤከር የማያንስ 11,842 ሐይቆች ስላሉበት፣ እዚያ ልጅ እያሳደጉ ከውሃ መሸሽ አይቻልም።

የውሃ ላይ ስኪ የተጀመረውም እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ራልፍ ሳሙኤልሰን የተባለ የ18 ዓመት ወጣት፣ ሌክ ሲቲ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የሚሲሲፒ ወንዝ ሰፍቶ ሐይቅ በሚሆንበት በፔፒን ላይ፣ በበረዶ የሚቻለው መንሸራተት በውሃም ይቻል እንደሆነ ሊሞክር ተነሣ። መጀመሪያ የበርሜል ጣውላ እግሩ ላይ አሠረ፤ ሰመጠ። ቀጥሎ የበረዶ ስኪ አደረገ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ርዝመታቸው 8 ጫማ የሆነ ሁለት የጥድ ሳንቃ አዘጋጅቶ፣ ጫፋቸውን በእናቱ የመዳብ ድስት ቀቅሎ ወደ ላይ ቆለመመው። ጀልባውን ወንድሙ ቤን ይነዳለት ነበር። ደጋግሞ ከወደቀ በኋላ የስኪዎቹን ጫፍ ከውሃው በላይ አድርጎ ወደ ኋላ ዘንበል ሲል ቆመ። ስሙ በታሪክ የቀረው የቆመው ልጅ ነው። እኔ ግን ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የማስበው ያን ሁሉ ጊዜ ሳይሰለች እየተመለሰ የጎተተውን ወንድሙን ነው።

እኛ ቤት ነገሩን የጀመሩት ልጆቹ ናቸው። ሦስት ልጆች አሉን። እኔ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ቀን ትሠራለች። እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ቤት እየኖርን የምንገናኘው በር ላይ ነበር፤ እኔ ስገባ እነርሱ ሲወጡ። ልጆቹም ባደጉ ቁጥር አማርኛቸው እያጠረ፣ ከእኛ ጋር የሚጫወቱትም እየተመናመነ ሄደ። ታዲያ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ትልቋን ልጃችንን የጓደኛዋ ቤተሰቦች ሐይቅ ወስደዋት ስትመለስ፣ ስለ ስኪ ስታወራ አመሸች። ያን ያህል ካወራችን ስንት ጊዜዋ! እኔና እናቷ ተያየን።

ጀልባ እንግዛ የሚለው ሐሳብ ሲነሣ ግን ባለቤቴ፣ «አንተ ሰው፣ በጤናህ ነው? ልጆቼን በገመድ ውሃ ላይ ልታስጎትት?» አለችኝ። እርሷ የደጋ ልጅ ናት፤ ዋና አታውቅም ነበር። እኔ ጣና ዳር ነው ያደግሁት። ውሃ ዳር ያደገ ሰው ደግሞ ውሃ አይደፍርም፤ ማንን እንደሚወስድ አይቷልና። ስለዚህ አልተከራከርኋትም። ጥቂት ቀን አስባ፣ «እሺ፣ ግን አስቀድመን ሁላችንም ዋና እንማር። እኔም ጭምር» አለች። እንዳለችውም በረዶው በወረደበት ወራት ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ዋና ተማርን። ጀልባው የተገዛው ከዚያ ወዲያ ነው። የመጀመሪያው ምክሬም ይኸው ነው፤ ከጀልባው በፊት ዋናው!

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። አዲስ የስኪ ጀልባ ዛሬ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል፤ ደመወዝተኛ አይሞክረውም። 25 ወይም 30 ዓመት ያገለገለው ግን ከደህና አሮጌ መኪና ዋጋ ብዙም አይርቅም። ይሁንና ጀልባ ሁሉ የስኪ ጀልባ አይደለም። አንዳንዱ ሞተሩ ከኋላ በውጭ ይንጠለጠላል፤ አንዳንዱ ሞተሩ ከውስጥ ሆኖ ፕሮፔለሩ ከኋላ ይወጣል፤ ለስኪ ተብሎ የሚሠራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ መሃል ላይ ተቀምጦ ፕሮፔለሩ ከሆዱ ሥር ይደበቃል። እ.ኤ.አ. በ1961 ገበያ የወጣው ስኪ ኖቲክና በ1968 የተጀመረው ማስተርክራፍት የዚህ ዓይነት ናቸው። እነዚህ ከኋላቸው የሚተዉት ማዕበል ዝቅ ያለ ነው፤ ጎትተውም መስመራቸውን አይለቁም። ጉድለታቸው ወደ ኋላ ሲሄዱ ነው፤ መሪውን ቢያዞሩት እንደ እልኸኛ በቅሎ ወደ ፈለጉበት ነው የሚዞሩት።

መጀመሪያ ያየናት ጀልባ ቀይ ነበረች። እንደ አዲስ ሳንቲም ታብለጨልጫለች፤ ወንበሯ አዲስ ልብስ ለብሷል። ልጆቹ ገና ሲያዩዋት ስም አወጡላት። እኔ ጫማዬን አውልቄ ወጣሁና ወለሉን ሁሉ በተረከዜ ረገጥሁት። ከሞተሩ ጎን ስደርስ ወለሉ ሰርጎድ አለ። ካቻቪቴ ከኪሴ አውጥቼ፣ ሞተሩ የተቀመጠበትን ወራጅ በእጀታው መታ መታ አደረግሁት። ደህና እንጨት ሲመታ ቋ ቋ ይላል፤ የበሰበሰው ግን ድምፁን ይውጠዋል። ድፍን፣ የታፈነ ድምፅ ሰማሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቆዩ ጀልባዎች ቅርፊታቸው ፋይበርግላስ ይሁን እንጂ፣ ሞተሩን የሚሸከሙት ከፊት እስከ ኋላ የተጋደሙት ወራጆች ብዙውን ጊዜ እንጨት ናቸው፤ በላያቸው ፋይበርግላስ ይለበጣል። በብሎን ቀዳዳ የገባ ውሃ መውጫ ያጣና እንጨቱን ዓመት ከዓመት ያበሰብሰዋል። ከላይ የሚታይ ነገር የለም። ለመጠገን ሞተሩ መውጣት፣ ወለሉ መቆረጥ አለበት፤ ኪሣራው ከጀልባዋ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ጣና ላይ ከደንገል የምትሠራዋ ታንኳ ውሃ ስትጠጣ ትከብዳለች፤ ባለቤቷም ዳር አውጥቶ ፀሐይ ያሰጣታል፤ ካረጀችም ሌላ ይሠራል። ታንኳ አታታልልም፤ መድከሟን ራሷ ትናገራለች። ፋይበርግላስ ግን ብስባሹን በሆዱ ቀብሮ በላዩ ይስቃል።

አመስግነን ሄድን። ትንሹ ልጄ፣ «ቆንጆ አይደለች እንዴ፣ አባዬ?» እያለ ቤት እስክንደርስ አለቀሰ። አንጀቴን በላው። ነገር ግን ያን ቀን የምመርጠው ለዓይኑ ሳይሆን ለነፍሱ ነበር።

ሁለተኛዋ ነጭ ነበረች። ቀለሟ ደብዝዟል፤ አንዱ ወንበር ተጥፏል። ባለቤቷ ልጆቻቸውን በእርሷ ያሳደጉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ስለ ጀልባዋ ስጠይቃቸው አንድ ደብተር አወጡ። ዘይት የተለወጠበት፣ ፓምፕ የታደሰበት፣ ለብርድ የተዘጋጀችበት ቀን ሁሉ ተጽፏል። ሰዓት ቆጣሪው ሊቆም ወይም ሊለወጥ ይችላል፤ በየዓመቱ በተለያየ እስክሪብቶ የተጻፈ ደብተር ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈጠርም።

ቢሆንም በደብተር ብቻ አልተማመንሁም። ከመነሣቷ በፊት ሞተሩን ዳሰስሁ፤ ቀዝቃዛ ነው። አስቀድሞ የሞቀ ቢሆን ሲቀዘቅዝ የሚያስቸግር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ዘይቱን አየሁ፤ ወተት ቢመስል ውሃ ገብቶበታል። ወራጁን መታሁት፤ ቋ አለ። አንድ መካኒክ ከፍዬ የስምንቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን አስለካሁ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከመቶ 10 ወይም 15 ከበለጠ ያሳስባል። ሞኖብሎኩ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን አስመረመርሁ፤ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ከመቶ 9 ያህል ስለሚጨምር፣ ሳይቀዳ የቀረ ውሃ ብረቱን ይፈነቅለዋል። ቀጥሎ ሐይቅ ላይ ነዳናት፤ የሙቀት መርፌዋ አልነቃነቅም አለች። ስንመለስ ሆዷ ውስጥ ውሃ መኖር አለመኖሩን በባትሪ ብርሃን አየሁ። የተሳቢውንም ኩሽኔታ፣ ጎማና ፍሬን አልረሳሁም። በመጨረሻ ከኋላዋ የተቀረጸውን ቁጥር ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር አመሳከርሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 መጨረሻ ወዲህ አሜሪካን አገር የተሠራ ጀልባ ሁሉ 12 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ አለው።

በ9 ሺህ ዶላር ተስማማን። ገንዘቡ ለቤት መግዣ ካጠራቀምነው ላይ የተነሣ ነው። ባለቤቴ ስትፈርም እጇ ቢንቀጠቀጥም ፈረመች።

ጀልባ መግዛት ግን የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። ውሃ የሚስበው ፓምፕ የጎማ ውልብልቢት በየዓመቱ ይለወጣል። ብርዱ ሳይመጣ በሞተሩ ያለው ውሃ ሁሉ ተቀድቶ የማይረጋ ፈሳሽ ይገባበታል። ከማስነሣት በፊት የሞተሩን ክፍል የሚያናፍሰው ማራገቢያ 4 ደቂቃ መሥራት አለበት፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ሆዷ ውስጥ ተኝቶ ብልጭታ ይጠብቃል። ከሐይቅ ስንወጣ ደግሞ የሚኒሶታ ሕግ ውታፏን ነቅለን፣ ውሃውን አፍስሰን እንድንሄድ ያዛል፤ የሜዳ አህያ ዝንጉርጉር ያለው ጥቃቅን ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ከሐይቅ ሐይቅ እንዳይዛመት ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሞተር እየሠራ ልጅ ከኋላ መወጣጫው ላይ አይቀመጥም። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሳይታወቅ ይገድላል።

ስለ ስኪው ራሱ ደግሞ ልንገራችሁ። ገመዱ 75 ጫማ፣ 23 ሜትር ያህል ነው። ነጂው ፊት ፊቱን ስለሚያይ፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ጀርባውን ለተማሪዎቹ እንደ ሰጠ መምህር ነው። ስለዚህ የሚኒሶታ ሕግ ወይ ሰፊ መስታወት፣ ወይ ተጎታቹን የሚመለከት ሌላ ሰው ይኑር ይላል። እኛ ዘንድ መስታወት ብቻውን አያገለግልም። ተመልካቿ ባለቤቴ ናት። ዋና ዘግይታ በመማሯ ይመስለኛል፣ እንደ እርሷ ዓይኑን ከውሃው የማይነቅል ሰው አላየሁም። አውራ ጣት ወደ ላይ «ፍጠን» ነው፤ ወደ ታች «ቀስ በል»፤ እጅ ራስ ላይ «እንመለስ»፤ ከወደቁ በኋላ ሁለት እጅ ከራስ በላይ ሲገጠም «ደህና ነኝ»። ምልክት ካልታየ ባለቤቴ «ተመለስ!» ትላለች፤ እኔም አልጠይቅም። ተንሳፋፊ ጃኬት ሕጉ የሚያስገድደው ከ10 ዓመት በታች ያሉትን ነው፤ በእኛ ጀልባ ግን አባትም ይለብሳል።

ትልቋ ቶሎ ቆመች። መካከለኛው ልጃችን ግን ወደቀ፤ ደግሞ ወደቀ። ጀማሪ ውሃው ውስጥ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ስቦ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ የስኪውን ጫፍ ከውሃ በላይ አድርጎ ይጠብቃል። «ሂድ!» የሚለው እርሱ ነው፤ ነጂው አይደለም። በኃይል ቢጎተት እጀታው ከእጁ ያመልጣል፤ አዝግሞ ቢጎተት ውሃ ይጠጣል። ልጅ ሲሆን በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ያህል ይበቃዋል። በወደቀ ቁጥር ቀስ ብዬ ዞሬ፣ እኔ በተቀመጥሁበት ጎን አድርጌው እጠጋና ሞተሩን አጠፋለሁ። የምንጠይቀው «ደህና ነህ?» ብለን ነው፤ «ለምን ወደቅህ?» አንልም። በአምስተኛው «በቃኝ» አለ። እናቱም፣ «በቃኝ ካለ በቃው» ብላ ፎጣ አለበሰችው። ማንም አልሳቀበትም።

በሳምንቱ ራሱ ገመዱን አነሣ። «ሂድ!» አለ፤ በአማርኛ ነው ያለው። የጀልባዋ ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን የወሰነችው እናቱ ናት፤ «ገመድ»፣ «ቀስ»፣ «አጥብቅ»፣ «ልቀቅ» ሁሉም በአማርኛ ነው። ቤንዚኑን ገፋሁ። ገመዱ ተወጠረ፤ ከበደ፤ ከዚያ ድንገት ቀለለ። ዞሬ አላየሁም፤ ነጂ ነኝና። ከጎኔ ግን ባለቤቴ እልልታዋን ለቀቀችው። በሌሎች ጀልባዎች የነበሩ ሰዎች ምን ነካት ብለው ዞሩ። ያን ጊዜ ልጄ መቆሙን አወቅሁ።

እንግዲህ እናንተ ነገ ክፍል የምትገቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ጀልባና መምህርነት የተገናኙት እዚህ ላይ ይመስለኛል። በሚያብለጨልጨው አትመኑ፤ የተደበቀውን መታ መታ አድርጋችሁ ድምፁን ስሙ። ስትጎትቱ ከገመዱ ጫፍ ላለው ሰው በልኩ ጎትቱ፤ ሲነሣ የሚነሣው በራሱ እግር ነውና። ጀርባችሁን ስትሰጡም የሚያይላችሁ ሰው አይጥፋ።

ጀልባዋ ዛሬም አለችን። ቀለሟ ይበልጥ ደብዝዟል። ወራጇ ግን ሲመታ አሁንም ቋ ይላል።

በርቱ።