የጠራው ውሃና የታመሙት ዓሦች

በዱብቲ በምኖርበት ቤት አንድ የመስተዋት ገንዳ አኖርሁ፤ ከቧንቧ በተቀዳ ውሃ ሞልቼም በዚያው ቀን ከአዋሽ የተያዙ አራት ትናንሽ ቆሮሶዎች አገባሁበት። ውሃው እጅግ የጠራ ስለ ነበረ ከድፍርሱ ወንዝ ይልቅ ይመቻቸዋል ብዬ ደስ አለኝ። ትንሺቱ ልጄም ማለዳ ማለዳ እየተነሣች ፍርፋሪ ትጥልላቸው ነበር።

በአምስተኛው ቀን ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ አየን። እኔም እድፍ ነው በማለት ገንዳውን ፈትጌ አጥቤ በአዲስ ውሃ ሞላሁት። በማግሥቱ ሁለቱ ሞቱ። ልጄም «አባዬ፣ ውሃው ንጹሕ አይደለምን?» ብላ ብትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ።

ከዚህ በኋላ ነገሩን መረመርሁ። ከዓሣ ጕድፍና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ የሚባል ዓይን የማያየው መርዝ ይወጣል። በወንዝ ደንጊያና ጭቃ ላይ የሚኖሩ ረቂቃን ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። በአዲስ ገንዳ ግን እነርሱ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ የቧንቧውም ክሎሪን ያጠፋቸዋል። የቆላው ሙቀት ደግሞ የአሞኒያውን መርዝነት ያበረታል፤ በውሃው ያለውንም ኦክሲጅን ያሳንሳል።

እንግዲህ ለቀሩት ሁለቱ ምግባቸውን ቀነስሁ፤ ከወንዙ ደንጊያዎች አመጣሁ፤ በየቀኑም ከውሃው አራተኛውን እጅ ብቻ፣ በክፍት ዕቃ ውሎ ባደረ ውሃ እለውጥ ጀመር። እነዚያም ዳኑ።

አንባቢ ሆይ፣ የጠራ ሁሉ ጤና እንዳይደለ ለልጄ ነገርኋት። የሞቱትንም ሁለቱን የገደለ የእኔው አጣቢ እጅ መሆኑን አልሸሸግኋትም።