የትንሿ ጠረጴዛ ደፋሮች

ስሙን ማንበብ አልችልም ነበር። ፊደሉ የእኛም የእንግሊዝም አይደለም፤ በፎቶው ቦታ አንበሳ ለጥፏል። ሁለቱ ካርታዎች ገና ከመታደላቸው ያለውን ቺፕ በሙሉ ወደ መሃል ይገፋዋል። ተበላ፤ ሌላ ቺፕ ይዞ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እንደገና ሙሉውን ገፋ። ካርታውን አይቶት እንደሆነ እንኳ እጠራጠራለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጠንቃቃ ተጫዋች ገጥሞኛል፤ አንዳቸውም ትዝ አይሉኝም። ባለ አንበሳውን ግን አብሮ አደጌ የሆነ ያህል አውቀዋለሁ።

ቦታው ቆቦ ነው። ከወልዲያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ጥቂት ኮምፒውተሮች የተደረደሩባት ጠባብ ኢንተርኔት ቤት ነበረች። አገሩ ቆላ ነው፤ በምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ በምሥራቅ ዞብል ቆመውበት መሃሉ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ቀትር ላይ ያ ቆርቆሮ የሚያወርደው ሙቀት ሰው አያስቀምጥም፤ እኛም የምንሄደው አመሻሽ ላይ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነበር። ፌስቡክ በወጣቱ ዘንድ ገና አዲስ ነገር ነበር። ዚንጋ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ፌስቡክ ላይ ያወጣው ፖከር እዚያው ተዘርግቶ ጠበቀን። ቺፑ በነጻ ይሰጣል፤ ያለቀበትም ነገ ሲመለስ ትንሽ ይጨመርለታል። ያሸነፈ ሰው ቺፑን ወደ ብር አይለውጠውም። ይኼ ነገር ያኔ ቁም ነገር አይመስለንም ነበር እንጂ የዚያ ጨዋታ ደስታ ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ካርታ ለእኛ አዲስ አልነበረም። ኮንከር የማይችል የሰፈር ልጅ የለም፤ የተሸነፈ ሻይ ይጋብዛል፣ ያሸነፈ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ አጩሆ ያሳርፋል። ፖከር ግን ሌላ ዓለም ሆነብን። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በድብቅ ይታደላል። ከዚያ መሃል ላይ አምስት ካርታ በግልጽ ይወጣል፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻ አንድ። ከሰባቱ የተሻለውን አምስት ያቀናጀ ይበላል። በየመሃሉ ቺፕ ይያዛል፤ ጣሪያ ስለሌለውም በፈለጉት ተራ ያለን ሁሉ መክተት ይቻላል።

ጥቂት ቺፕ በሚያዝባት በትንሿ ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ይከታል። ባለ አንበሳው ብቻውን አልነበረም። ሕፃን ልጇን ፎቶ ያደረገች አንዲት ሴት ነበረች፤ ካርታ በወጣ ቁጥር እጥፍ ታደርገዋለች፣ አንድ ሰው መልሶ እጥፍ ካደረገባት ያንንም እጥፍ ታደርገዋለች። ሌላው ደግሞ ራሱ አይገፋም፤ የገፋውን ሁሉ ግን እስከ መጨረሻው ይከተላል። ከየት አገር እንደሆኑ አናውቅም፤ እኛ ስንተኛ እነሱ ቁርስ የሚበሉ ይመስለኝ ነበር።

ኢንተርኔት ቤቱን የሚጠብቀው ልጅ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ አያ ነው የምንለው። ከኋላዬ ቆሞ ጨዋታዬን ያያል።

«አያ፣ ይኼ ሰውዬ እብድ ነው እንዴ?» አልኩት አንድ ማታ።

«ምን በወጣው ያብዳል! የሚጎድልበት ነገር የለም እኮ። የማይጎድልበትን ሰው ደግሞ አስፈራርተህ አትመልሰውም። ጠብቀው።»

በዚያች አጭር መልስ ውስጥ አያ የዚህን ጨዋታ ትልቁን ነገር ነግሮኛል። ፖከርን በፊልም ያየ ሰው ጥበቡ ማስመሰል ይመስለዋል፤ ባዶ እጅ ይዞ ፊትን አጽንቶ ሌላውን ማስጣል። እንዲያ ያለው ጥበብ የሚሠራው ግን መጣል በሚችል ሰው ላይ ነው። የቴነሲው የሒሳብ ሠራተኛ ክሪስ መኒሜከር በ86 ዶላር የኢንተርኔት ውድድር አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ላስ ቬጋስ ላይ 839 ተጫዋቾች በነበሩበት የዓለም ሻምፒዮና 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሲያሸንፍ፣ ከሁሉ በላይ የተወራለት እጅ ምንም ያልያዘበት ነበር። ተፎካካሪው ሳሚ ፋርሃ ሁለት ዘጠኝ ሠርቶ ሳለ መኒሜከር ያለውን ሁሉ ሲከትበት ፈርቶ ጣለ። ፋርሃ አንጋፋ ተጫዋች ነው፤ የፈራውም ስለሚያስብ ነው። በዚያ ወንበር ላይ ባለ አንበሳው ቢቀመጥ ኖሮ ሁለት ዘጠኙን ሳያቅማማ ይከት፣ መኒሜከርም ቴነሲ ወደሚገኘው ቢሮው ይመለስ ነበር።

ጠብቀው የሚለው የአያ ቃል ለራያ ቆቦ ልጅ እንግዳ አይደለም። አባቴ ማሽላ አራሽ ነበር። ደጋሌትና ጅጉርቲ የሚባሉት የቆቦ ማሽላዎች ብዙ ወር መሬት ላይ የሚቆሙ ናቸው፤ ሚያዝያ አካባቢ በበልጉ ይዘራሉ፣ ዝናቡ ከዚያ በኋላ ከጠፋ ቡቃያው ይደርቃል። ያኔ ገበሬው ሐምሌ ላይ መሬቱን ገልብጦ ቶሎ የሚደርሰውን ጤፍ ይዘራበታል። ክረምቱም አጭር ነው፤ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳ ላይ ካላስተኙት ሰማዩ ብቻውን አያጠግብም። ሆርማትና ጎሊና ሲሞሉ ሰው በሌሊት አካፋውን ይዞ ይነሣል። አባቴ ዘሩን ጎተራ ውስጥ ይዞ ደመናውን እያየ የሚቀመጥባቸው ሳምንታት ነበሩ። ጎረቤት ዘርቶ ጨርሷል፤ እናቴ ትቆጣለች፤ እሱ ገና ነው። ቀኑ ሲደርስ ግን ከበሬዎቹ ፊት ቀድሞ የሚወጣ እሱ ነበር፤ ያለውንም ዘር ሳይሰስት ይበትነዋል። እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ካርታ የምጥለው፣ ደግሞ የምጥለው፣ ደግሞ የምጥለው በዚያ ሰው ልጅነቴ ነው።

መጠበቅ ሲባል ግን ስንት መጠበቅ ነው? አያ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ሒሳብ በደብተር ገልብጦ ነበር፤ ያ ደብተር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቅባትና ላብ ጠጥቶ አበጠ። ለአንድ ሰው ሊደርሱት የሚችሉት የሁለት ካርታ ጥምረቶች 1,326 ናቸው። ከሁሉ የሚበልጡት ሁለት አሶች በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ይመጣሉ። እነሱን ብቻ የሚጠብቅ ሰው በየዙሩ በሚከፈለው የግዴታ መዋጮ ቺፑ አልቆ ይነሣል። ደፋሩ ሰው ግን የጥሩ እጅን መለኪያ ያወርድልሃል። ካርታውን ሳያይ በሚገፋ ሰው ላይ ሁለት ስምንት ከመቶ 69 ያህል ጊዜ ያሸንፋል፤ ንጉሥና ኩዊን እንኳ ከ60 በላይ ነው። በጠንቃቃ ሰው ፊት የሚጣለው ካርታ በእሱ ፊት ይያዛል። እንደዚያ ካሰብከው ደፋሩ ሰው ከሁሉም ይልቅ ቸር ነው፤ ለብዙ እጅ በር ይከፍታል።

የደብተሩ ሌላ ገጽ ደግሞ እንቅልፍ ነሣኝ። ሁለት አስ ይዘህ ያገኘውን ካርታ የያዘ አንድ ሰው ቢገጥምህ ከመቶ 85 ያህሉን ትበላለህ። ሁለት ሰው ከገባ ወደ 73፣ ሦስት ከገባ ወደ 64፣ አራት ከገባ ወደ 56 ይወርዳል። አምስት ከገቡ 49 ገደማ ነው። የጨዋታውን ትልቁን እጅ ይዘህ ከምታሸንፍበት የምትሸነፍበት ይበዛል ማለት ነው! ለአባቴ ይህን ብነግረው አያምነኝም ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ወይም ከማንም በፊት ይገባው ነበር። ምክንያቱም ሒሳቡ እዚያ ላይ አይቆምም። መሃል ላይ የተከመረው የስድስት ሰው ቺፕ ነው፤ የአንተ ድርሻ ከስድስት አንዱ ብቻ ነው። ከሁለት አንዴ ገደማ ስድስት እጥፍ የሚመለስልህ ከሆነ፣ በረዥሙ ሲታይ የከተትከው ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ይመለሳል። የዛሬው ሽንፈት ምንም አያፈርስም። ይህን መቀበል ለሰው ልጅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀው የተቀመጠበት ብቻ ነው።

እኔም ተቀምጬበታለሁ። ሁለት አስ መጡልኝ፤ አምስቱም ከተቱ። እኔም ከተትኩ። አያ ትከሻዬን ይዞ ከኋላዬ ጎንበስ አለ፤ ሌሎቹ ልጆችም ወንበራቸውን ትተው መጡ። ካርታው ሁሉ ተገለጠ። ባለ አንበሳው የያዘው ሰባትና ሁለት ነው፣ ቀለማቸው እንኳ የተለያየ፤ በዚህ ጨዋታ ከዚያ የባሰ እጅ የለም የሚባለው ነው። ኩዊን፣ ሰባት፣ አራት ወጡ። ቀጥሎ አሥር። አስ አልመጣም፤ ግን ገና እመራለሁ። የመጨረሻው ካርታ ሁለት ሆነ። ባለ አንበሳው ሁለት ጥንድ ሠርቶ አምስታችንንም ጠራርጎ ወሰደን።

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ለእኔ ያዘኑ መስሎኝ ዞር ስል ሁሉም ፊታቸው በርቶ ለባለ አንበሳው ያጨበጭባሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር አጨበጨብኩ። በዚያ ጨዋታ ለጠረጴዛ ጓደኛ የመጠጥ ሥዕል መላክ ይቻል ነበር። ባለ አንበሳው ለአምስታችንም አንድ አንድ ብርጭቆ ላከልን። እኛ ዘንድ የሚጋብዝ የተሸነፈ ነው፤ እሱ አሸንፎ ጋበዘ። ከዚያ ወዲያ ያንን ሰው መጥላት የሚችል እዚያ ቤት አልነበረም። ቀጣዩ እጅ ታደለ፤ ወዲያው ሙሉውን ገፋ።

እንዲህ ያለው ድፍረት ከእኛም የራቀ አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት እንደገለጹት፣ በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ወረራ ይባላል፤ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ሁለቱም ወገኖች ሠራዊታቸውን በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው በፈጠነ መጠን ያንቀሳቅሳሉ። ተራ የሚገባው የመጀመሪያው ምርኮ ሲወሰድ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ባለ አንበሳውን የማየው በመሳፍንቱ አዳራሽ ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ፈረሶቹን በሁለት እጁ ሲገፋ ነው። ወረራውን የሚወድ፣ ተራው ሲመጣ የሚሰለቸው ሰው።

ከዚያ ወዲህ በየከተማው የኳስ ውርርድ ቤቶች ተከፍተዋል። እዚያ የሚገቡትን ልጆች ሳይ ሆዴ ይባባል። ድፍረቱ ያው ድፍረት ነው፤ የሚከተተው ግን የቤት ኪራይና የእናት መቀነት ነው። ኢንተርኔት ቤታችን ውስጥ ሁሉን አጥቶ የተነሣ ልጅ ያጣው ነገር አልነበረም፤ በማግሥቱ ቺፕ ተጨምሮለት ይጀምራል። ለወጣት እንዲህ ያለ ቦታ ያስፈልገዋል እላለሁ፤ እስከ ጥግ ደፍሮ፣ እስከ ጥግ ተሸንፎ፣ እራቱን በልቶ የሚተኛበት።

ከጊዜ በኋላ ቺፕ ሲበዛልኝ ወደ ትልልቆቹ ጠረጴዛዎች ወጣሁ። እዚያ ሰው ይጥላል። አንዱ ትንሽ ሲገፋ አምስቱ ይጥላሉ፤ እሱም ጥቂት መዋጮ ሰብስቦ ዝም ይላል። ሁሉም ይጠብቃል፤ ሁሉም አባቴን ሆኗል፣ ዘር የሚበትን ግን የለም። ማንም ለማንም መጠጥ አይልክም። አያን ምን ይሻለኛል ብዬ ብጠይቀው «ቺፕ ነው የምትፈልገው ወይስ ጨዋታ?» አለኝ። የዚያኑ ማታ ወደ ትንሿ ተመለስኩ። ዛሬ ስልኬ ላይ ስጫወትም ከዚያች አልወጣም፤ አንድ ሰው ካርታውን ሳያይ ሲገፋ ባየሁ ጊዜ ከሚጥሉት ጋር አልጥልም፤ ሁለት ስምንት እስኪመጣልኝ እዚያው እቀመጣለሁ።