ያላዩ ሰዎች ጾም

ባዮሎጂ ስማር እምነቴን የነቀነቀው የፍጥረት ታሪክ አልነበረም። ይህን ለሰው ሳወራ ሁሉም ወዲያው ወደ ዳርዊን ይሄዳል፤ እኔን ግን ዳርዊን እንቅልፍ ነስቶኝ አያውቅም። የኔ ጣጣ ሬሳ ነበር። ሰው ሲሞት አንጀቱ ውስጥ አብረውት የኖሩት ባክቴሪያዎች ቀድመው ሥራ እንደሚጀምሩ፣ ካርቦኑ ወደ አየር፣ ናይትሮጅኑ ወደ አፈር፣ ከዚያም ሁለቱም ወደ ሣር እንደሚዞሩ ተማርኩ። ሣሩን በግ ይግጠዋል፣ በጉን ሰው ይበላዋል። ታዲያ በመጨረሻው ቀን ያ ካርቦን የማን ሆኖ ነው የሚነሣው?

ከዚያ በኋላ ቅዳሴ ላይ ጸሎተ ሃይማኖት ሲደገም ትንሣኤ ሙታን ላይ ስደርስ ዝም ማለት ጀመርኩ። ማንም አላወቀብኝም። ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው እየደገመ የአንድ ሰው ዝምታ ከየት ይሰማል!

በደጋ ዳሞቷ ፈረስ ቤት ላደገ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር የሚያዋየው ሰው አይገኝም። ለንስሐ አባቴ ባወራ ፈተና ነው፣ ጸበል ግባ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አያቴ እማሆይ ደግሞ የምታለቅሰው በኔ ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው ነው፤ መጀመሪያም እዚያ አትላኩት ብላ ነበር። ስለዚህ ዋጥኩት። በዓል ሲሆን ነጠላዬን አጣፍቼ ከእሷ ኋላ እሄዳለሁ፣ መስቀል እሳለማለሁ፣ ጾሙንም እጾማለሁ። ጾሙ እንኳ አልከበደኝም፤ ሆድ ከራስ ይልቅ ታዛዥ ነው።

እረፍት ወደ ቤት የሚመልሰኝ ክረምት ላይ ስለሆነ ፍልሰታ አያመልጠኝም። ነሐሴ ደጋ ዳሞት ላይ ጉምና ጭቃ ነው። እማሆይ በሶዋንና ቆሎዋን ይዛ ከመነኮሳቱ ጋር ሱባኤ ትገባለች፤ ሌሊት ሰዓታት ይቆማል፣ ጠዋት ውዳሴ ማርያም ይተረጎማል። ተማሪው ግእዙን ያነባል፣ የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ያብራራሉ። እኔም ጋቢ ተከናንቤ ከግድግዳው ሥር እቀመጣለሁ። ምን ላድርግ፣ ቤት ብውል ትጠይቀኛለች።

የፍልሰታን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። እመቤታችን ዐርፋ ሐዋርያት ሲቀብሯት ቶማስ ህንድ ነበር። በደመና ሆኖ ሲመለስ እሷ ስታርግ መንገድ ላይ አገኛት፤ ለምልክት እንዲሆነውም የተገነዘችበትን ሰበን ሰጠችው። ዛሬ ካህናት በእጅ መስቀላቸው ላይ የሚያስሩት ጨርቅ የዚያ ሰበን መታሰቢያ ነው ይባላል። (በክረምት ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት የወጣ ሰው ቶማስን በደመናው ሳይቀናበት አይቀርም።) ቶማስ ኢየሩሳሌም ሲደርስ ሐዋርያት ቀበርናት አሉት። እሱም አውቆ እንዳላወቀ፣ ሞት በጥር፣ መቃብር በነሐሴ፣ እንዴት ይሆናል አላቸው። ጴጥሮስ ተቆጣ፦ ትናንት የጌታን ትንሣኤ የተጠራጠርክ ዛሬም ጀመርክ? ሄዶ መቃብሩን ቢከፍት ባዶ። የኔታ እዚህ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይስቃሉ፤ ጴጥሮስን የሚያውቁት ሰው ይመስል።

አንድ ክረምት ላይ ጆሮዬ የያዘው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ሐዋርያት ሰበኑን አዩ፣ ቶማስንም አመኑት። ግን አልበቃቸውም። ቶማስ አይቶ እኛ ይቅርብን? ብለው በዓመቱ ነሐሴ 1 ቀን ሱባኤ ገቡ፤ በ16ኛው ቀን ልመናቸው ተሰማ። እማሆይ በሶ እየበጠበጠች የምትጾመው፣ ከግብጾች ጋር የምንጋራው ይህ ጾም፣ ያላዩ ሰዎች እንይ ብለው የጀመሩት ነው። ሌላው ዓለምም የቶማስን ነገር ይዞታል፦ ጣልያን ፕራቶ ከተማ፣ ሶርያ ሖምስ ላይ እመቤታችን ሰጠችው የሚባል መታጠቂያ በክብር ይጠበቃል። የሮማው ፓፓ ፒዮስ 12ኛ ደግሞ ዕርገቷን በ1950 እ.ኤ.አ. ዶግማ አድርገው አወጁት። እኔን የገረመኝ ግን እኛ ጋ መታጠቂያውም አዋጁም ሳይሆን ጥያቄው እንደ ሥርዓት መቀመጡ ነው።

ሲመሽ ወደ የኔታ ጎጆ ሄድኩ። እሳት ዳር ተቀምጠው የገብስ ቆሎ ይቆረጥማሉ።

«የኔታ፣ በስብሶ አፈር የሆነ ሥጋ እንዴት ይነሣል?»

ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። «ጳውሎስ ስለ ዘር የተናገረውን አታውቅም?» አሉኝ።

«አውቃለሁ። ግን ዘር የሞተ አይደለም። ውስጡ ሕያው ፅንስ አለ፤ ተኝቶ ነው እንጂ።»

ከቆሎው አንዲት ፍሬ አንሥተው ወደ እሳቱ ብርሃን አስጠጉ። «ይቺስ?»

«እሷማ ተቆልታለች፤ አትበቅልም።»

«እንግዲህ ጳውሎስ ስለ ቆሎ አልተናገረም» ብለው ሳቁ። ቆየት ብለው ግን ፍሬዋን ሳይበሏት መዳፋቸው ላይ እያንከባለሉ፣ «ጥያቄህ ጥያቄ ነው። ነገ ጉባኤው ይየው» አሉኝ።

በማግስቱ ስሜን ሳይጠሩ አነሡት። ትርጓሜው ራሱ እንዲህ ነው የተሠራው፤ ይህ እንዴት ይሆናል ቢሉ እያለ ተጠራጣሪውን በየገጹ ጠርቶ ያስቀምጠዋል። ለዓመታት ስሰማው የአነጋገር ልማድ መስሎኝ ነበር እንጂ የኔ ቦታ መሆኑን ልብ አላልኩም። ኋላ ሳነብ የሂፖው አውግስጢኖስም በ5ኛው መቶ ዘመን ከካርቦኔ ጋር የሚቀራረብ ጥያቄ አንሥቶ ሲጨነቅበት አገኘሁት፦ ሰው የሌላውን ሰው ሥጋ ቢበላ፣ ሲነሣ ሥጋው የማን ነው? የጉባኤው መልስ የእግዚአብሔርን ከሃሊነት የሚጠቅስ ነበር፤ እውነት ለመናገር አላረካኝም። ግን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከኋላ ተነሥተው፣ «እኔ ልጄን የቀበርኩ ዕለት ይህንኑ ጠይቄያለሁ፤ የሚያስቀድስ ሰው አይጠይቅም መስሎኝ ዝም አልኩ» አሉ። አንዲት ሴት እኔም አለች። እማሆይን ሰረቅ አድርጌ አየኋት። መቁጠሪያዋን እየቆጠረች ራሷን ከላይ ወደ ታች ትነቀንቃለች።

ስንት ሰው ነው ከኔ ጋር እዚያች ቃል ላይ ዝም ሲል የኖረው?

አሁን ባሕር ዳር ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጥርጣሬዬ አልሄደም፤ አንዳንድ እሑድ ድምፄ ያችው ቦታ ላይ ይቀንሳል፤ ግን ቆሜ ነው የሚቀንሰው። በቅርቡ አንዲት ተማሪ ከክፍል በኋላ ቆይታ፣ ቲቸር፣ ይህን ሁሉ እያወቅክ እንዴት ታምናለህ? አለችኝ። ስለ ቶማስ ሳይሆን በዓመቱ ስለጾሙት ነገርኳት። አሰብ አድርጋ፣ «በ16ኛውም ቀን ባያዩስ ኖሮ?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ለየኔታ ደወልኩ። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ይህችን ለነሐሴ አቆይልኝ፤ ልጅቷንም ይዘሃት ና» አሉኝ።