ቤቱን ሳይሆን ሰውን፦ የደብረ ብርሃን የብርድ ብልሃት

ከአዲስ አበባ ተነስተው በሰንዳፋ፣ በሸኖና በጫጫ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ደብረ ብርሃን ይደርሳሉ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የቆረቆሯት ይህች ከተማ ስሟ የብርሃን ቢሆንም፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ የብርድ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ደመና በሌለበት ሌሊት መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቀዋል፤ ጠዋት ሲነሱ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይጠብቅዎታል።

ለሥራ ወደዚያ ስመላለስ ያስተዋልኩት ነገር አለ። የከተማዋ ሰው ቤቱን በሙሉ ለማሞቅ አይታገልም፤ የሚያሞቀው ራሱን ነው። ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ማታ ደግሞ ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራው ባና ይደረባል። በፋብሪካ የተሠራ ብርድ ልብስ ለሚመርጥም ከተማዋ የታወቀች ናት።

ይህ ብልሃት ለእርስዎ ኪስ ምን እንደሚያተርፍ እናስላው። 2,000 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በየማታው ለ4 ሰዓት ቢያበሩት በ30 ቀን 240 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ በእርከን የተከፈለ በመሆኑ፣ ፍጆታዎ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ባና ግን አንዴ ከተገዛ ወርኃዊ ሒሳብ የለውም።

ስለዚህ ማሞቂያ ከመግዛትዎ በፊት እነዚህን ይሞክሩ። በእነዚህ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በደቡብ በኩል ያለውን መስኮት መጋረጃ ቀን ከፍተው፣ 11 ሰዓት ሲሆን ይዝጉት። ነፋስ የሚያስገባውን የብረት መስኮት ክፍተት በስፖንጅ ይድፈኑ፤ ማታ ከበሩ ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ ያድርጉ። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ልጆቹ በሚጫወቱበት ቦታ ምንጣፍ ያንጥፉ። ከመኝታ በፊት ሙቅ ውኃ የተሞላ የጎማ ከረጢት አልጋው ውስጥ ያስገቡ፤ ሕፃናት ከመተኛታቸው በፊት ግን ያውጡት። እራት ላይ ትኩስ አጥሚት ቢጨመርበት ደግሞ ቤተሰቡ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ ያመሻል።

አንድ ነገር ግን ለቁጠባ ብለው ፈጽሞ አያድርጉ፦ የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት አያስገቡ። ብዙዎች «ከሰሉ ፍም ከሆነ፣ ጢሱ ካለቀ አይጎዳም» ይላሉ። የሚገድለው ግን ጢሱ አይደለም። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ፍሙ ደምቆ ሲቀላም ይወጣል። በር ተዘግቶ የተኛ ቤተሰብ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ክፍተቶቹን በደፈኑበት ቤት ደግሞ አደጋው ይብሳል። ከሰል በተቀጣጠለበት ቤት ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማዎት ወዲያውኑ ሁሉንም ሰው ወደ ውጭ ያውጡና ሐኪም ቤት ይሂዱ። ቡና ሲፈላም መስኮት ይከፈት፤ ሲያበቃ ምድጃው ደጅ ይውጣ።

ደብረ ብርሃንን ለማየት በጋው ጥሩ ጊዜ ነው። ጃኬት አይርሱ፤ ገበያ ሲወጡ ባና ይጠይቁ። መጀመሪያ ቆዳ ይኮሰኩስ ይሆናል፤ ከሥሩ ነጠላ ወይም አንሶላ ያድርጉበት። ከዚያ በኋላ ማሞቂያውን ስለመግዛት እንደገና ያስቡበት።