ለባልደረቦችሽ ስም ከማውጣትሽ በፊት

መሐል ሜዳ፣ ጥቅምት 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፤

ይህን የጻፍሁልሽ ሰኞ ሥራ ለመጀመር ከመሐል ሜዳ ስትነሺ መንገድ ላይ እንድታነቢው ነው። መኪናው ጣርማ በር ደርሶ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ አዲስ አበባ እስኪገባ ጊዜው ይበቃሻል። በቃል ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ ግን ለመንገደኛ ስንቅ በሚሰናዳበት ቤት የረጋ ወሬ አይገኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሒሳብ ሥራው ቃለ መጠይቅ ሄደሽ የተመለስሽ ማታ ስለ መሥሪያ ቤቱ ስትነግሪን፣ የሰዎቹን ስም ሳታውቂ አንቺው ስም አውጥተሽላቸው ነበር። የፋይናንስ ኃላፊው “ቁርጥ ማይክል ስኮት”፣ ጥግ ይዞ ፋይል ሲደረድር ያየሽው ልጅ “ድዋይት”፣ መታወቂያሽን ተቀብሎ እያገላበጠ ያቆመሽ ዘበኛ ደግሞ “ከድራማ ላይ የወረደ” ሆኑ። ወንድሞችሽ በሳቅ ፈረሱ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። እነዚህን የድራማ ሰዎች እኔም ያንቺን ያህል እወዳቸዋለሁና፤ ስወዳቸው ግን የሚቆረቁረኝ ነገር አለ።

ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በፍላሽ ያመጣሽውን “ዘ ኦፊስ” መብራት ባልጠፋበት ማታ ሁሉ አብረን አየን። ሪኪ ጀርቬይስና ስቲቨን መርቻንት እ.ኤ.አ. በ2001 ለቢቢሲ ሠርተውት፣ ከ2005 እስከ 2013 አሜሪካኖቹ በራሳቸው መንገድ የቀጠሉት ነው። ዘጠኝ ምዕራፍ፣ 201 ክፍል። ጦርነት የለበት፣ ሀብት የለበት፤ በፔንሲልቬንያ ስክራንተን ከተማ ወረቀት የሚሸጥ አንድ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ብቻ። አለቃው ማይክል ስኮት አለ፣ ሻጮቹ እነ ጂምና ድዋይት አሉ፣ እንግዳ ተቀባይዋ ፓም አለች፣ ሒሳብ ክፍሎቹ አሉ። እንግሊዝኛ ሳስተምር ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝና ቋንቋውን ልከታተል ብዬ ጀመርሁት፤ በኋላ ግን ያስቀመጠኝ ሰዎቹ ነበሩ።

አንቺ የምትወጂው ጂምን ነው። ቀልደኛ ነው፣ ፊቱ ደስ ይላል፣ ፓምን ለዓመታት በትዕግሥት ይወዳታል። እኔ ግን ዓይኔ የሚያርፈው ድዋይት ላይ ነው። ድዋይት ገበሬ ነው፤ የቤተሰቡ የቀይ ሥር እርሻ አለው። ሥራውን የምሩን ይይዛል። መሬት ይወዳል፣ መሣሪያ ይወዳል፣ ከሁሉ በላይ ማዕረግ ይወዳል። “ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነኝ” ሲል፣ አለቃው “የሥራ አስኪያጁ ረዳት” እያለ ያርመዋል፤ እሱም በሚቀጥለው ጊዜ መልሶ ምክትል ነኝ ይላል። ልጄ፣ ይህን ሰው አታውቂውም እንዴ? ሞላሌ ገበያ ብትወጪ፣ ጊሼ ራቤል ብትሄጂ፣ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ብትወርጂ ታገኚዋለሽ። ባናውን ደርቦ፣ የርስቱን ድንበር በቃሉ እየቆጠረ፣ ማዕረጉን ለዘነጋበት ሰው ሰላምታውን የሚያሳጥር።

በመጀመሪያው ክፍል ጂም የድዋይትን ስቴፕለር ጄሎ በሚሉት የሚረጋ ጣፋጭ ውስጥ አርግቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖርለታል። ያስቃል፤ አልዋሽሽም፣ እኔም ስቄበታለሁ። ግን ክፍሉ ሲደጋገም አንድ ነገር አየሁ። ጂም ሥራው ሰልችቶታል፤ የሰለቸውን ቀን የሚያሳልፈው የሌላውን ሰው ቀን በማበላሸት ነው። ካሜራው ከጂም ጋር ስለሆነ እኛም ከጂም ጋር ቆመን እንስቃለን። ወደ ካሜራው ዞር ብሎ ሲያየን ተባባሪው ያደርገናል። ድዋይትን ንጹሕ ነው አልልም። ትንሽ ሥልጣን ባገኘ ቁጥር ባልደረቦቹን ያስጨንቃል፣ ለአለቃው ወሬ ያመላልሳል። እንዲህ ያለ ሰው አጠገብ መሥራት ከባድ ነው፤ እኔም ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ይሁን እንጂ ፓም ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ያገኛት እሱ ነው። ምን እንደሚባል አያውቅም፤ መሐረቡን ሰጣትና አጠገቧ ተቀመጠ። በዚያ መሥሪያ ቤት ካሉት ሁሉ ለማጽናናት የማይመቸው እሱ ነበር፤ ያጽናናትም እሱ ሆነ።

ማይክል ስኮትስ? በሰው ዘርና በሰው አነጋገር እየቀለደ ሠራተኞቹን የሚያሸማቅቅባቸውን ክፍሎች አሁንም ማየት አልችልም፤ ቴሌቪዥኑን ትቼ እወጣለሁ። ይኸው ሰውዬ ነው ግን ፓም ሥዕሎቿን ለእይታ ያቀረበች ዕለት፣ ልትሰበስብ ስትል ደርሶ፣ መሥሪያ ቤታቸውን የሳለችበትን ሥዕል በኩራት አይቶ የገዛው። ወስዶም ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። አንቺ ያን ክፍል ስታዪ ዓይንሽን እንደጠረግሽ አይቻለሁ። ታዲያ የፋይናንስ ኃላፊውን “ማይክል ስኮት” ስትዪው የትኛውን ማይክል ማለትሽ ነው? እኔ እንደሰማሁሽ ሞኙን ነው። ሥዕል የገዛውን ለማየት ብዙ ክፍል መጠበቅ ነበረብሽ፤ ኃላፊውን ያየሽው ግን ለግማሽ ሰዓት ነው።

ልነግርሽ የፈለግሁት ዋናው ነገር ይህ ነው። እንዲህ ያለው ድራማ ሰው ቶሎ እንዲለወጥ አይፈቅድም። ድዋይት ዛሬ ቢታረም በሚቀጥለው ክፍል በማን ይሳቃል? ስለዚህ ደራሲዎቹ እዚያው ጠባዩ ላይ አስረው ያቆዩታል፤ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ የሆነው እንኳ ድራማው ሊያልቅ ሲቃረብ ነው። እኛም የምንወዳቸው እንደማይለወጡ ስለምናውቅ ነው፤ ባለፈው ማታ የተውናቸው ቦታ እናገኛቸዋለን። ለ22 ደቂቃ ይህ ደስ ይላል። በየቀኑ ስምንት ሰዓት አብሮሽ ለሚውል ሰው ግን ስም አውጥተሽ ስታበቂ፣ ከዚያ በኋላ የሚያደርገውን ሁሉ በዚያ ስም ነው የምትሰሚው። ደግ ቢሠራ አይታይሽም፤ ቢሳሳት “አላልኋችሁም?” ትያለሽ።

በትምህርት ቤታችን አብሮን የሠራ አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ያለ ደረሰኝ ጠመኔ እንኳ አያወጣም፤ ለዚህ “ደረሰኝ” የሚል ስም ወጣለት። መምህሩም፣ ጽዳቷም፣ በኋላ ተማሪውም በዚያ ጠራው። እሱም ይስቅ ነበር። ጡረታ ሲወጣ መሸኛ አደረግንለት፤ ተነስቶ አመሰገነና፣ “ሌላ ስጦታ አልፈልግም፤ ዛሬ በክርስትና ስሜም ባይሆን አባቴ ባወጣልኝ ስም ጥሩኝ” አለ። ከተቀመጥነው ውስጥ ስሙን ወዲያው ማስታወስ ያቃተው ሰው ነበር። ያ ሁሉ ሳቁ ምን ያህል እንደከበደው ያን ቀን ገባን። በእሱ ዘመን የጎደለ ንብረት አልተገኘም፤ ይህን ግን በሥራ ላይ ሳለ ያነሳለት አልነበረም፤ ወሬው ሁሉ ስለ ደረሰኝ ነበር።

ይህን ስልሽ ሳቅን የምጠላ እንዳይመስልሽ። በፋና ቴሌቪዥን በኃይሉ ዋሴ የጻፈውን “ምን ልታዘዝ”ን ጎረቤት ድረስ ሄደን ስንከታተል ታውቂያለሽ፤ ባለፈው ዓመት ሲቋረጥ ከልቤ አዝኛለሁ። ድራማው የሚካሄድበት ካፌ ካፌ ብቻ እንዳልነበረ ያየ ሁሉ ያውቃል። አስተናጋጁና አለቃው ሲነታረኩ የምንሰማው የሀገራችንን ንትርክ ነበር። እንዲህ ያለው ሳቅ ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ነው፤ ባለሥልጣኑን ነው የሚነካው። የእኛው የሰሜን ሸዋ ሰው፣ የሲያደብሩ ተወላጅ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በአማርኛ የመጀመሪያውን ቲያትር ሲጽፉ አውሬዎችን እያናገሩ የአስተዳደሩን ብልሽት አሳዩበት፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደባቸው። በነገራችን ላይ እኚህ ሰው የገንዘብ ሚኒስትርም ነበሩ፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥትም ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው መሳቅ አይችልም የሚሉሽን በእሳቸው መልሺላቸው።

የሚከፋኝ ወደ ታች የሚወርደው ሳቅ ነው። በቴሌቪዥን ድራማዎቻችን ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ የገጠር አነጋገር ይሰጣቸዋል፤ ቀልዱም እሱ ብቻ ይሆናል። የተናገሩት ቁም ነገር ቢሆን እንኳ አነጋገሩ ቀድሞ ያስቃል። እናትሽ አንድ ቀን እየሳቀች ሳለ “ይኼ እኮ የወንድሜ አነጋገር ነው” አለች። እኔም ያን ጊዜ ልብ አልሁ፤ ዘበኛው የተናገረው ነገር እውነት ነበር፤ በቤታችን ግን የሰማው አልነበረም። እንግዲህ ያ መታወቂያሽን ያገላበጠው ሰው የአባትሽ እኩያ ነው ብለሻል። አንቱ በዪው። ማገላበጡም ሥራው ነው፤ ለዚያ ነው የተቀጠረው።

ስም ማውጣቱ ወደ አንቺም ይመጣል። ከየት ነሽ ይሉሻል፤ ከመንዝ ትያለሽ፤ ከዚያ ስለ ብርዱ፣ ስለ ባናው፣ ስለ ግትርነታችን ይቀለዳል፤ ቶሎም “መንዜዋ” ትሆኛለሽ። ክፋት የለበትም፤ አገርሽ ነው፣ የሚያሳፍርም ነገር የለውም። የምፈራው ግን አንቺው ለመወደድ ስትዪ መንዜዋን መጫወት እንዳትጀምሪ ነው። አንድ ቀን ግትር ሆነሽ ሲስቁልሽ በማግስቱ ደግመሽ ትሆኛለሽ። መጀመሪያ ቶሎ ያቀራርብሻል። ከዓመት በኋላ ለዕድገት ስትወዳደሪ ግን፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው የሚያስታውሰው ሥራሽን ሳይሆን ያቺን የምታስቅ ልጅ ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን እዚህ እኛ ዘንድ ተቀምጦ አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው “ሰምና ወርቅ” በተባለው መጽሐፉ ለመንዝ ሰው ጠባይ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። ቁም ነገር ያለው መጽሐፍ ነው፤ አንብቢው። ግን የጻፈው ያኔ የነበሩትን ሰዎች ነው፤ አንቺ እዚያ ውስጥ የለሽም። በመጽሐፍም ሆነ በቀልድ የተሰጠሽን ጠባይ ተቀብለሽ የመኖር ግዴታ የለብሽም።

በብሔር ሲቀለድ ግን ተነሺ። ዘመኑን ታውቂዋለሽ። በመሥሪያ ቤትሽ ከሁሉም ወገን የመጣ ሰው አለ፤ ቡና ላይ የተጀመረ ቀልድ ቢሮ ሲገባ ቂም ሆኖ ይቆያል። ማይክል ስኮት ሲያደርገው ደራሲው አለቃው ራሱ እንዲያፍር አድርጎ ይጨርሰዋል፤ በእውነተኛው መሥሪያ ቤት ግን የሚያፍረው የተቀለደበት ነው። የኃላፊሽ ቀልድ ካላሳቀሽም አትሳቂለት። ሳቅሽን በይሉኝታ ከሰጠሽው በኋላ ፊርማሽንም ሲጠይቅሽ እምቢ ማለት ይከብድሻል። ያላየሽውን ቫውቸር፣ ያልቆጠርሽውን ገንዘብ አትፈርሚ። ያለ ቁጣ፣ በትሕትና፣ “ሰነዱን ልየው” በዪ፤ ደጋግመሽ በዪ። “ደረሰኝ” የሚል ስም ቢያወጡልሽም ታገሺው።

ድዋይት ላልሽው ልጅ የምለው ትንሽ ነው። ስሙን ጠይቂው። ምሳ ሲቀርብ ብቻውን ከሆነ አብረሽው ተቀመጪ፤ የወረቀቱን አደራደር እንዲያሳይሽ ለምኚው። እንዲህ ያለ ሰው ያወቀውን ለማሳየት ደስ ይለዋል፤ አንቺም የመጀመሪያው ወር ይቀልልሻል። ወሬኛ ሆኖ ካገኘሽውም ምሥጢርሽን አትስጪው፤ ሰላምታሽን ግን አትንፈጊው። ጂም የሚመስልሽ ልጅ ደግሞ አይጠፋም፤ ደስ የሚል፣ ሥራ የማይበዛበት፣ በሰው ላይ እየቀለደ ዞር ብሎ የሚያይሽ። ሲያይሽ ፊትሽን ወደ ሥራሽ መልሺ። ካንቺ ጋር ወዳጅ መሆን ከፈለገ በሌላ ሰው ሳያሳብብ ይምጣ።

ቤት እስክትከራዪ አክስትሽ ዘንድ ነሽ፤ ከሥራ ስትወጪ ሳታመሺ ግቢ። የዋስትናውን ወረቀት በፕላስቲክ አድርጌ ከሻንጣሽ የላይኛው ኪስ ከትቼዋለሁ፤ ቅጂው እኔ ጋር አለ። የመጀመሪያ ደሞዝሽን ወደዚህ እንዳትልኪ፤ ጫማና ለክረምት የሚሆን ካፖርት ግዢበት። ስልክ ሲመችሽ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደውዪ፤ እናትሽም ያን ጊዜ ቤት ነች። ለአክስትሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ።

አባትሽ