የሰው ዘፈን በሄሎዊን ጊታር

የሜታል ባንዱን ሄሎዊንን ስለምወድ ነው «ሜታል ጁክቦክስ» የተባለው አልበማቸው ቅር የሚያሰኘኝ። እነዚህ የሃምቡርግ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1987 እና በ1988 ባወጧቸው ሁለት የ«ኪፐር» አልበሞች ለፓወር ሜታል መንገድ ጠርገዋል። በ1999 ግን ከዳር እስከ ዳር የሰው ዘፈን የሞላበትን ይህን አልበም ይዘው ብቅ አሉ፤ የስኮርፒየንስ፣ የጄትሮ ታል፣ የክሪም፣ የቢትልስ።

የሰው ዘፈን መጫወት ነውር የለውም። ቢትልስ ራሳቸው እዚያው ሃምቡርግ፣ የምሽት ክለቦች ውስጥ፣ የሌሎችን ዘፈን እየተጫወቱ ነው የበሰሉት። ቁም ነገሩ ምን ጨመሩበት ነው።

እስቲ የዴቪድ ቦዊን «ስፔስ ኦዲቲ» አስቡት። ጠፈርተኛው ከምድር ሲርቅ ብቸኝነቱ አጥንት ድረስ ይሰማል። ሄሎዊን ዜማውን እንዳለ ተከተለው፤ ጊታሩ ወፈረ፣ ብቸኝነቱ ግን ሳሳ። የስዊድኖቹ የ«አባ» ዘፈን ሲመጣ ነገሩ ይለያል። አዝማቹ ድሮውንም እንደ መዝሙር ከፍ ያለ ስለሆነ ከበሮና ጊታር ሲገባበት ነፍስ ዘራ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ዘፈን የሚመረጠው ስለተወደደ ብቻ ሳይሆን የሚሉበት ነገር ሲኖር ነው። በዓመቱ በራሳቸው ድርሰት «ዘ ዳርክ ራይድ»ን ሲያወጡ ደስ ያለኝም ለዚህ ነው። እንደነሱ የሚደርስ ባንድ ከሁሉ በፊት የራሱን ያሰማን።